ፎርትራንን ለካሚል የመረጠው ሰው

ደምለው ያርጋል በደባርቅ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር፣ ቁመቱ ረጅም፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ የሚሄድ ሰው ነበር። አንገቱን የሚያቀናው ከኩራት ነው ብለው የሚያሙት ነበሩ። ሐሜት ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ ይሄኛው ግን አልዋሸም። ሥራውን ያውቃል፣ ተማሪ አያንገላታም፣ የሰው ነገር አይነካም፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። አንዲት ነውር ብቻ ነበረችበት፤ እሷም ሌላውን ደግነቱን ሁሉ ትበላበታለች። ሰው ሲበልጠው ማየት አይችልም።

ይህች ነውር አብራው ነው ያደገችው። ከዳባት ወረድ ብላ ባለች መንደር ተወልዶ፣ አባቱ ቅስና ተመኝተውለት ዜማ ቤት አስገቡት። ልጁ የሰማውን የማይጥል ጭንቅላት ነበረው፤ መምህሩ ዛሬ ያሉትን ነገ ሳያዛንፍ ይመልሳል። ግን እዚያው ጉባኤ ውስጥ ከጃናሞራ የመጣ ድምፀ መረዋ ልጅ ነበር። እሱ አፉን ሲከፍት የደምለውን ልቅም ያለ ትምህርት የሚያስታውስ አይገኝም። ደምለው ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ ጥሎ ወጣና ዳባት አዲስ የተከፈተው አስኳላ ገባ። አባቱ ሲጠይቁት የዘመኑን ትምህርት ወድጄ ነው አላቸው። ዘመኑን ወዶ አይደለም፤ ያንን ልጅ ሸሽቶ ነው።

አስኳላው ተሳካለት። ከክፍል ጓደኞቹ በዕድሜ ስለሚበልጥ አንደኛ እየወጣ ጨረሰና አስተማሪ ሆነ፤ ደባርቅ ተመደበ፤ ይርጋለምን አገባ። ይርጋለም ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማረች፣ በጤና ጣቢያው ካርድ የምታወጣ፣ አፏ ላይ የመጣውን የማትውጥ ሴት ናት። ባሏን ትወደዋለች፤ ነውሩንም ከማንም አብልጣ ታውቃታለች።

በዚህ ላይ ካሚል መጣ። የካሚል እናት እትዬ ነሲባ በገበያው ዳር ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ የሚሸጡ እስላም ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ካሚልንና ታናሽ እኅቱን ጣይባን በዚያች ሱቅ አሳድገዋል። ካሚል አራተኛ ክፍል ሳለ ያስተማረው ደምለው ነው። ልጁ ጎንደር ሄዶ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገባ፤ ተመልሶም እዚያው ደባርቅ ተመደበ። ያውም ደምለው ስንት ዘመን ሲመኘው ለኖረው ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ።

ደምለው እሰይ ልጄ ብሎ ግንባሩን ስሞ ተቀበለው። ቤቱ ሲገባ ግን እርር ድብን አለ፤ የቀረበለትንም ሳይነካ ተኛ። ካሚል ምንም አላወቀም። አሁንም ጋሼ ነው የሚለው፤ ሲመጣ ከመቀመጫው ይነሣለታል፤ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን እንኳ ልክ መሆኑን ይጠይቀዋል። ቀናተኛ ሰው የሚጠላውን ሰው ለመጥላት ሰበብ ይፈልጋል፤ ይሄ ልጅ ደግሞ ሰበብ የሚባል ነገር አይሰጥም።

ዘመኑ ስድሳ ሦስት ነበር። ግንቦት ላይ ከጎንደር አንድ ማስታወቂያ መጣ። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የሚባል መኪና አስመጥቷል፤ መኪናውን ሥራ የሚያዙ ሰዎች ሊያሠለጥን ይፈልጋል፤ ከየአውራጃው በፈተና አንድ አንድ ሰው ይወስዳል። መኪናው አማርኛም እንግሊዝኛም አይሰማም፤ የራሱ ቋንቋዎች አሉት። ለጀማሪ የሚሆኑት ሁለት ናቸው፤ ፎርትራንና ኮቦል። ተወዳዳሪው አንዱን መርጦ መጽሐፉን ይወስድና ክረምቱን ለብቻው ያጠናል፤ ጳጉሜን ላይ ጎንደር ሄዶ ይፈተናል። ያለፈ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ ከመኪናው ጋር ይሠራል።

ከሰሜን አውራጃ አንድ ሰው። ደምለው ማስታወቂያውን ቆሞ ሲያነብ ያ አንድ ሰው እሱ እንደሆነ ወዲያው ወሰነ። እንዲህ ያለ ነገር ወዶ አያውቅም ነበር። ስምንተኛ ክፍልን የነጠቀው ልጅ ከሩቅ እያየው፣ እሱ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያስብ መኪና ሲያዝ ታየው።

ርዕሰ መምህሩ ሁለቱንም መጻሕፍት አስመጥቶ መምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው። ደምለው መጀመሪያ የገለጠው ፎርትራንን ነው፤ ገልጦም ተቆጣ። ኤን እኩል ይሆናል ኤን ሲደመር አንድ ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው፤ አንድ ቁጥር ከራሱና ከአንድ ድምር ጋር እኩል ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ ቢያገኝ ጆሮውን ነው የሚቆነጥጠው። ይሄ የሒሳብ መናፍቅ ነው ብሎ ዘጋው።

ኮቦልን ሲገልጥ ግን ልቡ ሞቀ። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ሰው ንግግር ረዘም ያለ ነው፤ እያንዳንዱም በነጥብ ይዘጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንኛውም ጽሑፍ በአራት ታላላቅ ክፍሎች ይከፈላል፤ አንዱም ሊጎድል፣ ቅደም ተከተላቸውም ሊዛነፍ አይፈቀድም። አራት! የመጻሕፍት ትርጓሜ አራቱ ጉባኤያት እያሉ ሲያወሩ እየሰማ ያደገ የዜማ ተማሪ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈልጋል። ሊቃውንት ያሰናዱት ነገር አራት ክፍል ይኖረዋል፤ የቀረው የቆሎ ተማሪ ጨዋታ ነው። ደምለው ኮቦልን የመረጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳቅ ሳቅ ካላችሁ ሳቁ፤ እሱ ግን የምሩን ነበር።

በማግስቱ ካሚል መጣ። እሱም ሊወዳደር አስቧል፤ የትኛውን ልጀምር ብሎ ነው የሚያማክረው። ልቡ ወደ ኮቦል ነው፤ ለመሥሪያ ቤት ሥራ፣ ለዕቃና ለሰው መዝገብ ይሆናል ስለሚሉ፣ ከእናቱ ሱቅ ጋር ይመሳሰልለታል። እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደምለው የልጁን ፊት አየ፤ ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ቢወዳደሩ ማን እንደሚያልፍ አወቀ። ያወቀውን ደግሞ ጠላው።

«አንተ ወጣት ነህ፤ አእምሮህ ትኩስ ነው። ኮቦል የሽማግሌ ቋንቋ ነው። ፎርትራንን ውሰድ» አለው።

ካሚል አመስግኖ ሄደ። ደምለው ደስታውን ለብቻው መያዝ አቃተውና ለይርጋለም ነገራት። ያንን የማይያዝ የማይጨበጥ መናፍቅ አሸክሜዋለሁ፤ ከክረምት ሳይወጣ ራሱ ይጥለዋል አላት። ይርጋለም ሽሮ የምታማስልበትን ማማሰያ ይዛ ዘወር አለች፤ ልጁ ምን እንዳደረገው ጠየቀችው። ካሚል ምንም አላደረገውም።

ክረምቱ ገባ። የደባርቅ ክረምት ጉም ነው፤ ሦስት ርምጃ ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው በሳሉ ነው የምታውቀው። ደምለው በዚያ ጉም ውስጥ ካፖርቱን ደርቦ፣ ወደ ሊማሊሞ በሚያወጣው መንገድ ወዲያና ወዲህ እያለ ኮቦልን ያጠናል። አጠናሁ ሲል በቃሉ ይዞ ነው። ዜማ ቤት የለመደው ሌላ ዘዴ የለም፤ አንድ ገጽ ያነባል፣ ይደግማል፣ ይቀጽላል፣ ያንን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። መጽሐፉን ከነምሳሌው፣ ከነነጥቡ፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ካለው መልመጃና መልስ ጋር ጠጣው። እንጨት ለቅመው የሚመለሱ ሴቶች በጉም ውስጥ ድምፁን እየሰሙ፣ መምህሩ አዲስ ድጋም ጀመረ፤ ምን ሊያደርግ ይሆን ብለው አማተቡ።

ጥናቱ ደግሞ ጥሩ ነበር። ሐቁን እንናገር፤ በዚያ ክረምት በኮቦል የሚስተካከለው ሰው በበጌምድር ጠቅላይ ግዛት ይገኝ ነበር አልልም። ዝም ብሎ ቢቀጥል ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

ሐምሌ ሲጋመስ ግን ላምባ ሊገዛ ወደ እትዬ ነሲባ ሱቅ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ከውስጥ ሳቅ ሰማ። ካሚልና ጣይባ ባዶ የወተትና የቲማቲም ቆርቆሮዎችን መሬት ላይ ደርድረዋል፤ በየቆርቆሮው ላይ የላቲን ፊደል ተጽፏል፤ ውስጣቸው ባቄላ አለ። ካሚል ከወረቀት እያነበበ ያዛል፤ ጣይባ መኪናዋ ናት። ኤን እኩል ይሆናል ኤን ሲደመር አንድ ሲላት፣ ኤን የተባለውን ቆርቆሮ አንሥታ ያለውን ባቄላ ታወጣለች፤ አንድ ትጨምርበታለች፤ መልሳ እዚያው ትከታለች። ትሳሳትና ሁለቱም ይስቃሉ። እትዬ ነሲባ ባቄላውን ለወጥ ነው የገዛሁት እያሉ ይቆጣሉ፤ ግን አይከለክሏቸውም።

ደምለው በር ላይ ቆሞ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። ኤን ቁጥር አይደለም፤ ዕቃ ነው። እኩል ይሆናል ሲልም እኩል ነው ማለቱ አይደለም፤ ክተትበት ማለቱ ነው። መናፍቁ መናፍቅ አልነበረም። ይህ ያስደስተው ነበር፤ ሌላ ሰው ቢነግረው ኖሮ። ነገር ግን የገባው ከካሚል ሳቅ ነውና እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለው። እሱ በጉም ውስጥ ብቻውን እያጉረመረመ ሲከራተት፣ ይሄ ልጅ እሳት ዳር ተቀምጦ እየሳቀ ይማራል! የሰጠው እሾህ ነበር፤ ልጁ አበባ አደረገው። ላምባውን ሳይገዛ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮቦል በአፉ ጣዕም አጣበት። የያዘው ሁሉ የከሰመ፣ ካሚል የያዘው ሁሉ የሚያበራ መሰለው። ይህች የልጅነት ነውሩ ናት፤ ያኔ ዜማ ቤቱን አስጥላዋለች፤ አሁንም ኮቦልን ልታስጥለው ነው። በሳምንቱ ካሚልን ጠርቶ፣ መጽሐፍህን አምጣ እስኪ፣ ስሕተትህን ልይልህ አለው። ካሚል በደስታ መጣ። ማታ ማታ እየመጣ፣ ጋሼ ይሄንን እንዲህ ተረድቼዋለሁ፣ ጋሼ ይሄ ልክ ነው ወይ እያለ ያሳየዋል፤ ስሕተት አርመኝ ባይ መስሎ ያስተምረዋል። ደምለው ይህንንም ያውቃል፤ እያወቀ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ልጁ ሲወጣ ቁጭ ብሎ ይገለብጣል።

ይርጋለም አየችው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለችው።

ኮቦሌ በልቤ ነው፣ የትም አይሄድም ብሎ መለሰላት። እውነቱን ነው፤ የትም አልሄደም።

ጳጉሜን ላይ ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ ወደ ጎንደር ወረዱ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ካሚል ከእናቱ የተሰናዳለትን ቆሎ አወጣና ከፍሎ ሰጠው። መንገዱን ሙሉ ስለ ኮቦል ጠየቀው፤ ጋሼ እንደሚያልፉ እኔ አልጠራጠርም፣ እኔ ልምድ ልቅሰም ብዬ ነው የመጣሁት አለው። ደምለው ቆሎውን እየቆረጠመ ልጁ የምሩን መሆኑን በዓይኑ ፈለገ፤ የምሩን ነበር። ይህም አበገነው።

የፈተናው አዳራሽ የአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ፈታኝ ሁለት ዓይነት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤ በስተቀኝ ኮቦል፣ በስተግራ ፎርትራን። የተመዘገባችሁበትን መቀየር የሚፈልግ አሁን ይችላል፣ ወረቀቱን ከገለጠ በኋላ ግን አይቻልም አለ። ተወዳዳሪዎቹ በተራ እየተነሡ ያነሣሉ። ካሚል ከደምለው ፊት ነበር፤ ሄዶ ከበስተግራ አነሣ፤ ሲመለስም ፈገግ ብሎ ነው። ደምለው ተነሣ። ወደ ቀኝ ሊሄድ እንደነበር በኋላ ይርጋለም ፊት ምሎ ተናግሯል፤ እኔም አምነዋለሁ። ግን ያቺ ፈገግታ በዓይኑ ውስጥ ነበረች። ይሄ ልጅ በራሱ መንገድ ቀድሞኝ ሊሄድ ነው፤ በዚያው መንገድ ገብቼ ካልቀደምኩት ማለፌ ምን ማለፍ ነው አለ። እጁ ወደ ግራ ዘረጋ።

ጥያቄው የዓመቱን ዝናብ ልኬት ተቀብሎ ትልቁን የሚያወጣ ጽሑፍ ጻፉ የሚል ነው። ደምለው እርሳሱን አሹሎ ጀመረ። ጀመረና አንደኛውን ታላቅ ክፍል ጻፈ፤ ሁለተኛውን አስከተለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ደነገጠ። ፎርትራን እነዚህ ክፍሎች የሉትም፤ የጻፈው ሁሉ የኮቦል መክፈቻ ነው። ሰረዘው። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና እጁ በለመደው ገባ። በቃል የተያዘ ነገር እንዲህ ነው፤ ካልጠሩት ይመጣል። በመጨረሻ ቆርቆሮና ባቄላውን እያሰበ የሆነ ነገር ጻፈ፤ የትኛው ቆርቆሮ ትልቁን እንደሚይዝ ሳይለይ ጊዜው አለቀ።

ግቢው ውስጥ አንድ ከደብረ ታቦር የመጣ ጸሐፊ የኮቦሉን ጥያቄ ለሰዎች እያወራ እያማረረ ነበር። ደምለው ቀረብ ብሎ ሰማ። የመጋዘን እህል ዝርዝር አንብቦ የጎደለውን የሚያሳውቅ ጽሑፍ ነው። መልመጃው ነው፤ የምዕራፉ መጨረሻ መልመጃ፣ ስሙ ብቻ ተቀይሮ። ደምለው ሳያስበው አፉ ተከፈተ። ከመጀመሪያው ክፍል እስከ አራተኛው፣ ከነነጥቡ፣ እዚያው ግቢ መሐል ቆሞ ወረደው። ሰዎቹ ከበው አዳመጡት።

«ታዲያ ለምን አልተፈተንክበትም?» አለው ጸሐፊው።

ካሚል ከወዲያ ማዶ በእጁ ሰላምታ እየሰጠው ይመጣ ነበር፤ ደምለው እሱን ሳይጠብቅ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ።

ውጤቱ ከመስቀል በኋላ መጣ። ከሰሜን አውራጃ ያለፈው ካሚል ነው። ርዕሰ መምህሩ ሲያነብ መምህራኑ አጨበጨቡ፤ ደምለውም አጨበጨበ፤ ከሁሉም አስረዝሞ ነው ያጨበጨበው። ቤቱ ገብቶ ልብሱን ሳያወልቅ አልጋ ላይ ወጣ። ልቡን የሚበላው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ በገዛ አፌ ነው የላክሁት የሚል። ያን ቀን ኮቦልን ውሰድ ብዬው ቢሆን ኖሮ የቆርቆሮው ጨዋታ አይኖርም፤ ቆርቆሮው ባይኖር እኔም መንገዴን አልለቅም ነበር ይላል። አንድም ቀን በደልሁት ብሎ አልተጸጸተም፤ ተበደልሁ ብሎ እንጂ። ቅናት ሰውን እንዲህ ታሳውራለች።

ካሚል ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል እናትና ልጅ ወደ ደምለው ቤት መጡ። ሙክት በግ ይጎትታሉ። በእኛ አገር እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ የክርስቲያኑንም እስላም እንደዚያው። ስለዚህ ወዳጅ ወዳጁን ሥጋ ይዞ አይጠይቅም፤ በጉ በነፍሱ ይመጣል፤ ባለቤቱ በራሱ እጅ ባርኮ ያርደዋል። እትዬ ነሲባ ቀኑንም ያሰቡበት ነው፤ ረቡዕም ዓርብም አልነበረም።

ይርጋለም አስገባቻቸው፤ ብርዝ አቀረበችላቸው። ካሚል ጎንበስ ብሎ የደምለውን ጉልበት ሳመ። ከዚያ እናቱ እንዲሰሙ ነገሩን ከመጀመሪያው ተናገረ። ኮቦልን ሊወስድ ነበር፤ ጋሼ ናቸው ፎርትራንን ያስያዙት። ፈታኞቹ ከአዲስ አበባ በደብዳቤ፣ ከዚያ ሁሉ ተፈታኝ የዝናቡን ጥያቄ ሳያዛባ የጨረሰ እሱ ብቻ እንደሆነ ነግረውታል። ማን መረጠልህ ሲሉትም የደምለውን ስም ሰጥቷል። እትዬ ነሲባ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«መምህር፣ እኔ ያልተማርሁ ሴት ነኝ። እንዴት አወቁ?» አሉት። «ለልጄ የሚሆነው ያኛው መሆኑን በምን ለዩት?»

ብርዝ የሚቀዳው የይርጋለም እጅ ቆመ። ቀና ብላ ባሏን አየችው። ደምለው አንገቱ አልቀና አለው። ከጉሮሮው አንድ ነገር ሲወጣ ተሰማው፤ ያስወጣው እሱ መሆኑን አላመነም።

«ይከብደዋል ብዬ ነው። ከባዱን ነው የሰጠሁት» አለ።

እትዬ ነሲባ ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማህ? አስተማሪ እንዲህ ነው። ለሚችለው ከባዱን ይሰጣል። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ክፉ አይንካዎ።» ካሚል እንደገና ተነሥቶ ጉልበቱን ሊስም መጣ።

ደምለው የሚቀጥል ነገር ነበረው። ከባዱን የሰጠው ለምን እንደሆነ ገና አልተናገረም። አንደበቱ ላይ ነበር፤ ሁለት ቃል ቢጨምር ይበቃ ነበር። ፊታቸውን አየ፤ ዋጠው። ቢላዋ ላምጣ ብሎ ወደ ጓዳ ተነሣ። ይርጋለም ተከትላው ገባች፤ ቢላዋውን ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠችው።

«አልጨረስከውም» አለችው።

ቢላዋውን ተቀብሎ ወጣ። ካሚል በደጅ ካፖርቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የበጉን እግር ይዞ ይጠብቀዋል። በጉ ሲወራጭ ይስቃል። ጋሼ፣ እዚያ ስገባ ኮቦልንም እማራለሁ፤ በሚመጣው ዓመት ሌላ ሰው ሲፈልጉ እርስዎን እንዲጠሩ ደግሜ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ ይለዋል። የሚለውን ያደርገዋል፤ ደምለው ልጁን ያውቀዋል።

ቢላዋውን ይዞ ቆሞ አየው። በዚያች ሰዓት አዲስ አበባም ትዝ አላለችው፤ መኪናውም አላስቀናውም። የቀናው በዚያ ልጅ፣ በሰው በማይከፋ ልቡ ነው፤ እንዲህ ያለ ልብ ይዞ ማታ መተኛት እንዴት ያለ ዕረፍት ይሆን ብሎ። ይህንን ደግሞ ከማንም መጽሐፍ እንደማይገለብጠው ዐወቀ።

ካሚል የበጉን አንገት ወደ እሱ አዞረለት። ደምለው ጎንበስ አለና በስመ አብ ብሎ አረደው።